ከመጫወቻው ተራራ የተደወለው ስልክ

ባለፈው ሳምንት ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለው ቅመም ቤት በርበሬ ገዝቼ ስወጣ፣ የውባለም ልጅ ቤቲ መኪናዋን ማቆም የተከለከለበት ቀዩ መስመር ላይ አቁማ እየሮጠች መጣችብኝ። ነርስ ናት፤ ሰማያዊ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነበር። እዚህ ተወልዳ ያደገች ብትሆንም ሰላምታ ላይ ቸኩላ አታውቅም፣ አገላብጣ ነው የምትስመው። ያን ቀን ግን ሳትስመኝ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ማልቀስ ጀመረች።

«እትዬ አልጋነሽ፣ እግዚአብሔር ነው ያመጣሽ። አጎቴ ደሳለኝ ሊሞት ነው።»

ደሳለኝ የውባለም ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው በሕፃንነቱ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖረውም እሷ በላከችው ገንዘብ በተሠራ ቤት ነው። ቤቲ እንደነገረችኝ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤቱ መልሰውታል፣ ከዛሬ ነገ የሚያልፍ አይመስልም፣ «እህቴን አገናኙኝ፣ ድምፅዋን ልስማ» እያለ ያስቸግራል። ውባለም ጨጓራውን ትንሽ እንዳመመው ብቻ ነው የምታውቀው።

«ማም ፕሬሸር አላት፣ ባለፈው ወር እንኳን ኢመርጀንሲ ገብታ ነበር። ሶ ቤተሰብ ሁሉ ተነጋግረን ዲሳይድ አደረግን፤ አሁን አንነግራትም። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አባ እና ሽማግሌዎቹ ቤት መጥተው ያረዷታል። ባህላችን እንደዛ አይደል? ስልኳን አፕዴት ላድርግልሽ ብዬ ወስጄባታለሁ፣ ምክንያቱም ፌስቡክ ላይ አንዱ ፖስት ያደርግና ታየዋለች። አሁን እዚያ ሬስቶራንት ምሳ አዝዤላት ተቀምጣለች። እኔ ሺፍት አለኝ። ፕሊስ እትዬ፣ እስክመለስ አብረሻት ሁኚ። ከማንም ጋር እንዳታወራ። አንቺ እኮ የድሮ ጓደኛዋ ነሽ፣ የሲንጋፖር ፎቶሽ እስካሁን ሳሎናችን ነው ያለው።»

ይቺ ልጅ ስለዚያ ፎቶ የምታውቀው ነገር የለም። እኔና እናቷ ከተኳረፍን እሷ ካላት ዕድሜ ይበልጣል፤ በሰው ሠርግ እንሳሳማለን፣ በሰው ለቅሶ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፣ ከዚያ ውጭ ስልክ እንኳን አንደዋወልም። ይህንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ልጅቷ ብቻ አታውቅም። «እሺ፣ ሂጂ ሥራሽን» አልኳት። ሐቁን ለመናገር ለወንድምየው አዝኜ አልነበረም እሺ ያልኩት። የውባለምን ፊት ለማየት ፈልጌ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን እሷ ብቻ ሳታውቅ ስትስቅ ለማየት።

ገብቼ ሳያት መስኮቱ አጠገብ ከዘራዋን ወንበሩ ላይ አንጠልጥላ ሽሮ በአይብ ትበላለች። ወፍራለች፣ ፀጉሯን ሒና ተቀብታለች። ስታየኝ ደነገጠች፣ ከዚያ ደግሞ ደስ አላት፣ ሁለቱም ፊቷ ላይ ታዩ። «አንቺ! ምን ሆነሽ ነው ወደኔ የመጣሽው? ነይ ተቀመጪ፣ እንብላ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ትንሽ ስለ ጉልበታችንና ስለ ስኳራችን ካወራን በኋላ፣ እንደዋዛ፣ «ትናንት ቴሌቪዥን ላይ ባንኮክን አሳዩ። አበደች እኮ አገሪቱ፣ ሕንፃ ብቻ ሆናለች። ያቺ ሾርባ የምንጠጣባት ቦይ ዳር ያለች ቦታ ብትኖርም አታውቂያትም» አለች። ባንኮክን ስትጠራ ይሄ ሁሉ ዓመት ስገፋው የነበረው ነገር መጣብኝ።

ያኔ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ውባለምና ሙሉ የምትባል ጓደኛችን። የፌርፋክሱ የሐበሻ ሰፈር ገና ስም አልወጣለትም፣ ከኦሎምፒክ መንገድ ወረድ ብሎ ሁለት ሦስት ምግብ ቤትና አንድ ካሴት መሸጫ ነበር ያለው። እኛ ከልብስ ንጽሕና ቤት በላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል አፓርትመንት ከአንዲት አብራን ከምትኖር ልጅ ጋር እንኖር ነበር፤ ክረምት ከበጋ ከሥር የሚወጣው እንፋሎት ወለሉን ያሞቀዋል፣ የቤት ኪራያችንም ዛሬ አንድ ሰው ለመኪና ማቆሚያ የሚከፍለውን አያህልም። እኔና ውባለም ፓሳዴና የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ እንሠራ ነበር፣ ሙሉ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ትኬት ቆራጭ ነበረች። ሁለት አውቶቡስ ቀይረን ነበር ፓሳዴና የምንደርሰው። አውቶቡሱ ውስጥ በአንድ ዎክማን አንዱን ጆሮ እኔ፣ አንዱን እሷ ይዘን ስንሄድ ሰው ሁሉ እህትማማች ይለን ነበር፤ እኛም አናስተባብልም።

ዜግነት አግኝተን ሰማያዊውን ፓስፖርት በያዝን ዓመት ሁሉም ሰው «መቼ ነው አገር ቤት የምትገቡት?» ይለን ጀመር። አገር ቤት መግባት ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ትኬቱ ዋና ነገር አይደለም። ለእናት ጋቢና መድኃኒት፣ ለእህት ሽቶ፣ ለአክስት ልጅ ጫማ፣ ለጎረቤት ቢያንስ ሎሽን ያስፈልጋል፤ ሻንጣ ሁለት ከሆነ «ሁለት ብቻ?» ይባላል። ደርሶ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ሲገባ ባዶ እጅ አይገባም። እኛ ሒሳቡን ሠርተን ሠርተን ሲያቅተን፣ መጦሪያው ውስጥ አብራን የምትሠራ ኖይ የምትባል የታይላንድ ልጅ ሳቀችብን። «የኔ አገር ገንዘብ ወድቋል፣ እዚህ ለአንድ ምሳ በምታወጡት እዚያ ቀኑን ሙሉ ትኖራላችሁ» አለችን። ሆሊዉድ አካባቢ ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው ቲኬት ሻጭ ዘመዷ ጋ ወሰደችን። ሰውየው በታይፔ በኩል አድርጎ፣ ኤርፖርት ወንበር ላይ አንድ ሌሊት እያሳደረን የሚያደርስ ትኬት አምስት መቶ ዶላር በማይሞላ ሸጠልን። ባንኮክ ውስጥ ዘመድ የለንም፣ ባዶ እጃችንን ብንሄድ የሚቀየመን የለም። የእናቴን ቤት ለመርገጥ ያልደፈረ ገንዘብ ባንኮክን ደፈረ። ይሄ ነገር ያኔ ያስቀን ነበር።

ባንኮክ ሞቀችን። እንዲህ ያለ ሙቀት አይቼ አላውቅም፣ እርጥብ ፎጣ ፊትሽ ላይ አድርጎ የሚይዝ ሰው ያለ ይመስላል። ለሦስታችን አንድ ክፍል፣ አንድ ትልቅ አልጋ፣ አንድ የሚንቀጠቀጥ ማራገቢያ በቀን ዐሥር ዶላር ተከራየን፤ በሩ ላይ ያቺን የምትሸት እሾሃማ ፍሬ ይዞ መግባት ክልክል ነው የሚል ሥዕል ተለጥፎ ነበር። ሙሉ ሚጥሚጣዋን በፎቶ ፊልም ዕቃ ይዛ ነው የመጣችው፣ በየደረስንበት ከኪሷ ታወጣና የሾርባ ሻጯን ታስቀምሳለች፤ ሴትየዋ ደግሞ የራሷን ቃሪያ አንስታ ታስቀምሳታለች፣ ሁለቱም እያስነጠሱ ይሳሳቃሉ። ዓርብና ረቡዕ ሙሉ ትጾማለች፣ ሾርባው ውስጥ ግን የዓሣ መረቅ የሌለበት ነገር የለም፤ «እኔ ምን ላድርግ፣ ዓሣ መሆኑን አላየሁም» ብላ ትጠጣለች። ከገበያ የዝሆን ሥዕል ያለበት ሰፋፊ ሱሪ ገዛን፣ እኔ ቀይ፣ ውባለም ሰማያዊ፣ ሙሉ አረንጓዴ። ከዚያ ወዲያ በየመንገዱ ልጆች እየተከተሉ ፀጉራችንን ሊነኩ ይፈልጋሉ፣ ሙሉ ደግሞ ቁጭ ብላ ታስነካቸዋለች።

ከባንኮክ በባቡር ወደ ኳላ ላምፑር ወረድን። እንጨት ወንበር ላይ ጀርባችን ተሰባብሮ፣ ነጠላችንን ሦስታችንም ላይ አልብሰን፣ ውባለም እየዘፈነች፣ እኔ እየተቀበልኩ። በሚቀጥለው ቀን ከከተማው በላይ ያለው ተራራ ላይ ትልቅ መጫወቻ አለ ተብለን በአውቶቡስ ወጣን። አውቶቡሱ ጉሙ ውስጥ ሲገባ ጣርማ በር የደረስን መሰለኝ፣ እንደዚያው ቀዘቀዘ። እኛ በዚያች ስስ ሱሪ ነበርን። በሩ ላይ አንዴ ከከፈልሽ ክንድሽ ላይ ወረቀት ያስሩልሻል፣ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ያህል መጫወት ትችያለሽ። ሮለር ኮስተሩ፣ ያ ሽቅብ ቁልቁል የሚወረወረው የመጫወቻ ባቡር፣ ጉም ውስጥ ገብቶ ጉም ውስጥ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ሦስታችንም ተሳፈርን፤ ሙሉ ስትወርድ አስመለሳት፣ ውባለም «እኔ ሁለተኛ አልሞክረውም» አለች። እኔን ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ፣ ሽማግሌ ሳገላብጥ የምውል ሰው፣ ወረድኩና ተመልሼ ተሰለፍኩ። እንደገና ወረድኩና እንደገና ተሰለፍኩ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ሆኜ አላውቅም፣ ከዚያ በኋላም ሆኜ አላውቅም።

ውባለም ያን ጊዜ ባቡሩ ሥር ካለው የሕዝብ ስልክ ሄዳ ሎስ አንጀለስ አፓርትመንታችን ደወለች፣ ስለ ሥራ ፈረቃዋ ለመጠየቅ። አብራን የምትኖረው ልጅ አነሳችው። «አልጋነሽን ከአዲስ አበባ ይፈልጓታል፤ እናቷ በጠና ታመዋል፣ ልጄን ድምፅዋን አሰሙኝ እያሉ ነው» አለቻት። ይህንን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ያየሁት ውባለም ስትመለስ ፊቷ ልክ እንዳልነበረ ብቻ ነው። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ሆዴን» አለች። ከዚያ አይስክሬም ገዛችልኝ። በዚያ ብርድ! ባቡሩ ላይ ሳለሁ የተነሣሁትን ፎቶ ገዛችልኝ፣ እሱም ውድ ነበር። «ድገሚው፣ ሂጂ ተሳፈሪ፣ ቦርሳሽን እኔ እይዛለሁ» ትለኛለች። ቆንቋና ነበረች ድሮ፣ ሻይ ስትጋብዝ እንኳን ስኳሩን የምትቆጥር። እኔ ጅሏ፣ የተራራው አየር ደግ አደረጋት ብዬ ለሙሉ ነገርኳት። ሙሉ ፊቷን አዙራ «የፀሐይ ቅባት ዓይኔ ውስጥ ገባ» አለችኝ፤ በዚያ ጉም ውስጥ ፀሐይ የት አለ?

በማግሥቱ ወደ ሲንጋፖር ልንሳፈር የአውቶቡስ ጣቢያ ቆመን ሳለ ውባለም ሌላ የስልክ ካርድ ገዝታ አዲስ አበባ ደወለች። እናቴ ሌሊቱን አርፋ ነበር። እኔ ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሲንጋፖር ውስጥ ተጫወትኩ። በገመድ ከባሕር በላይ በሚንጠለጠለው ሣጥን ወደ ደሴቲቱ ተሻገርኩ፣ ውኃ ላይ በሚንሸራተት ግንድ ላይ ተቀምጬ ረጠብኩ፣ ከሰም ከተሠራ ሰው ጋር ተቃቅፌ ፎቶ ተነሣሁ። በግራና በቀኜ ሁለት ሴቶች እንደ ሙሽራ ሚዜ ይጠብቁኝ ነበር። አልነገሩኝም። መንገደኛ እንደማይረዳ እኔም አውቃለሁ፣ የመጣንበት ነው፤ ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ወገን ከቦት ነው የሚረዳው። እነሱም የሚያውቁትን ነው ያደረጉት።

ሎስ አንጀለስ ስንደርስ አፓርትመንታችን ደረጃ ላይ ሱፍ የለበሱ ወንዶች ቆመው አየሁ። የማን ሠርግ ነው? ብዬ ጠየቅሁ፣ እየሳቅሁ። ከዚያ በሩ ተከፈተ፣ ነጠላቸውን ለሐዘን ያጣፉ ሴቶች ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። በዝሆን ሱሪዬ ነው የተረዳሁት። አንገቴ ላይ ከደሴቲቱ የገዛሁት የዛጎል ሐብል ነበር፤ ስጮህ ተበጠሰ፣ ዛጎሎቹን ሳምንት ሙሉ ከየምንጣፉ ሥር ስንለቅም ነበር። እናቴን ሰባት ዓመት አላየኋትም ነበር። ለሎሽንና ለጋቢ ብዬ።

እሱንስ ቻልኩት። ያልቻልኩት በሦስተኛው ቀን የሰማሁትን ነው። እህቴ ጥሩወርቅ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ እያለቀሰች፣ «ደግነቱ ድምፅሽን ሰምታ ነው ያረፈችው» አለችኝ። «ከዚያ ሩቅ አገር ደውለሽ፣ አልጋዋ ላይ ሆና አነጋገርሻት፣ እኔ ነኝ ስልኩን የሰጠኋት። ሌላው ልጅ ይህንን አላገኘም» አለች። ስልኩን ዘግቼ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። ውባለም ለለቀስተኛ የሚሆን ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ገና ስታየኝ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ ብዬ አነጋገርኳቸው» አለችኝ። «ሰው አገር ላይ፣ ያለ ወገን፣ እንዳትወድቂብን ፈርቼ ነው። እሳቸው ደግሞ በቃ ድምፅሽን ብቻ ነው ያሉት። ቁጥሩን በቃሌ አውቀው ነበር፣ አንድ ካርድ ተካፍለን ስንደውል የኖርን ሰዎች። ጥሩወርቅም መስመሩ ሲቆራረጥ አለየችኝም።»

«እማዬ ምን አለችሽ?»

«መረቁሽ።»

ሌላ ነገር አልጠየቅኋትም። መሞቷን መደበቅ ልማዳችን ነው፤ በሕይወት እያለች፣ እየጠራችኝ፣ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ቆሜ፣ የኔን አፍ ነጥቃ መናገር ግን የማን ልማድ ነው? የእናቴን የመጨረሻ ቃል ሌላ ሰው ጆሮ ውስጥ ትቼ መኖር አልቻልኩም። አርባው እንደወጣ ልብሴን በሁለት ጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ግሌንዴል ተዛወርኩ። ፎቶዎቹን ታጥበው ሲመጡ አየኋቸው፤ ያኔ ካሜራው ጥግ ላይ ቀኑን በብርቱካንማ ቁጥር ይጽፍ ነበር። እናቴ የተቀበረችበት ቀን ላይ አፌን ከፍቼ እስቃለሁ። የኔን ቀዳደድኩት። ውባለም የእሷን ሳሎኗ ውስጥ ሰቀለችው። ለጥሩወርቅ እውነቱን አልነገርኳትም፣ ዛሬም ድረስ ለሰው ሁሉ «ድምፅዋን ሰምታ ነው ያረፈችው» ትላለች፣ እኔም አፌን ይዤ አዳምጣለሁ።

እና ባለፈው ሳምንት ይቺው ውባለም ከፊቴ ተቀምጣ ሽሮዋን በላች። እየሳቀች የሙሉን ሚጥሚጣ አነሳች። «ምስኪን፣ አሁን ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው፣ ከቤት አትወጣም አሉ፣ እስቲ አንድ ቀን ሄደን እንያት» አለች። እኔ «እንሄዳለን» እያልኩ ነበር። ውስጤ ክፉ ደስታ ነበረበት፣ አልዋሽም። ቀኑ ደረሰልሽ እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር። ያንቺ ወንድም እየጠራሽ ነው፣ አንቺ አይብ ትጨምሪያለሽ።

ከዚያ ዕቃዋን መደባበስ ጀመረች። «ይቺ ልጅ ስልኬን ወሰደችብኝ፣ ደሴ ዛሬ እደውላለሁ ብሎኝ ነበር። ጨጓራው ተሽሎት እንደሆነ አላውቅም። ሲያመው ደግሞ አይናገርም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው። እስቲ ስልክሽን ስጪኝ፣ ልደውልለት።»

«ባትሪ የለውም» አልኳት። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ሙሉ ባትሪ አለው።

«ኦኬ፣ ቤቲ ስትመጣ እደውላለሁ» አለች።

«እስከዚያ ኬክ ልዘዝልሽ? ቲራሚሱ አላቸው» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት። ውባለም ስኳር አለባት፣ ኬክ አትበላም፣ እኔም ሰው ጋብዤ አላውቅም። ዞር ብዬ መስኮቱ ላይ ፊቴን አየሁት፤ ተራራው ላይ አይስክሬም ይዛ ስትመጣ የነበራት ፊት ነው። ሆዴን ያልኩ ይመስላል። ሃያ ምናምን ዓመት ይቺ ሴት ያን ቀን ተደስታ ነበር ብዬ አስብ ነበር፤ እኔን ስታታልል፣ በእናቴ አፍ ስትመረቅ። አንድ ሰዓት ያህል ብቻ በእሷ ቦታ ተቀምጬ ላብ አጠመቀኝ። እሷ አራት ቀን ተቀምጣበታለች። ደግሞም ወንድሟ በሕይወት አለ። በሕይወት ያለ ሰው እየጠራ ነው።

ስልኬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ውባለም፣ ስሚኝ። ደሳለኝ በጣም ታሟል። ጨጓራ አይደለም። ሐኪሞቹ መልሰውታል። እስካሁን ግን አለ፣ ያንቺን ድምፅ እየጠየቀ ነው። ቤቲ እንዳልነግርሽ ለምናኛለች።»

አልጮኸችም። ጣቶቿን በሶፍት ጠረገች፣ አንድ በአንድ። ከዚያ «ቁጥሩን እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ምቺው» አለችኝ።

አዲስ አበባ መሽቶ ነበር። ሚስቱ ናት ያነሳችው፣ በሹክሹክታ። ውባለም «አስጠጊለት» አለቻት። ከዚያ እዚያ ሬስቶራንት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ደሴ፣ እኔ ነኝ፣ ውቢ ነኝ» አለች። አስተናጋጇ ልጅ ገብቷት ሄዳ ሙዚቃውን አጠፋችው። ከወዲያ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው፣ በመሀል አንድ ጊዜ «እህ» አለ። ውባለም አላለቀሰችም። በቀኝ ጎኑ እንዲያስተኙት፣ በግራው ከሕፃንነቱ እንደማይወድ ለሚስቱ ተናገረች። ለእሱ ደግሞ ልጅ ሳለ ጎረቤት ቤት ስለሰረቀው በለስ አወራችለት፣ የመታችው እሷ ራሷ እንደሆነች፣ ዛሬ ብትሆን እንደማትመታው ነገረችው። «ደክሞኛል ካልክ ተኛ፣ እኔ እዚህ ነኝ፣ አልዘጋም» አለችው። እስኪተኛ አልዘጋችም። ደሳለኝ የሞተው በማግሥቱ ነው። ቤቲ ለቅሶው ላይ አላናገረችኝም፣ እስካሁንም አኩርፋኛለች፣ እናቷ ፕሬሸሯ ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝታለች፣ ልጅቷ አይፈረድባትም።

ያን ከሰዓት ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብዙ ቆይተን እዚያው ተቀምጠን ነበር። ምግቡ ቀዝቅዟል፣ ሙዚቃው እንደጠፋ ነው። ውባለም ስልኬን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ሳታየኝ፣ «ያኔ የነገርኩሽ ውሸት ነው» አለችኝ።

«የቱ?»

«መረቁሽ ያልኩሽ። አልመረቁሽም። አልተሸወዱም እናትሽ። ‹እማዬ፣ እኔ ነኝ› ስላቸው ቀስ ብለው ‹አንቺ የኔ ልጅ አይደለሽም፣ ልጄ የት ናት?› አሉኝ። መዋሸት አቃተኝ። ‹እየተጫወተች ነው እማማ፣ ሮጬ ልጥራት› አልኳቸው። ‹እየሳቀች ነው?› አሉኝ። ‹አዎ› አልኩ። ‹ተያት፣ እንዳትጠሪያት› አሉኝ።»

«ለምንድን ነው ይሄንን ሁሉ ዓመት...»

«ምን ብዬ? አንቺ ስትጫወቺ ነው የሞቱት፣ ልጥራት ብያቸው እምቢ አሉ ብዬ? በሕይወትሽ ዳግመኛ ትስቂ ነበር? ደግሞስ ታምኚኝ ነበር? እኔን ብትጠዪ ይሻላል ብዬ ነው።»

አላምናትም ነበር፣ እውነቷን ነው።

«እሷን ብቻ አሰሚኝ አሉኝ» አለች። «የስልኩን እጀታ ገመዱ እስከቻለ ድረስ ወደ ውጭ ጎትቼ ወደ ባቡሩ አዞርኩት። ከላይ ቁልቁል ስትመጪ ምን እያልሽ እንደምትጮኺ ታውቂያለሽ? ‹እማዬ! እማዬ!› ነበር የምትዪው። እየሳቅሽ። ሰምተውሽ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን መልሼ ሳስጠጋው፣ በዚያ በደከመ ድምፃቸው፣ አንቺ በጠራሽ ቁጥር ‹ወዬ› ይላሉ። ‹ወዬ፣ ልጄ› ይላሉ። ካርዱ እስኪያልቅ።»